ግራው የመምህር፣ ቀኙ የኔ

ልጆቼ፣ በኛ ጊዜ አቃቂ ውስጥ ፒያኖ ያለው ቤት ፈልጉ ብትባሉ የምታገኙት አንድ ቤት ነው፣ እሱም የኔ ቤት ነበር። ምን ላድርግ፣ ያገባሁት የሙዚቃ መምህር ነው። ሰው ትዳር ሲይዝ ቡፌና አልጋ ያስገባል፣ የኔ ባል ፒያኖ አስገባ። ተሸካሚዎች እያቃሰቱ አስቀመጡት፣ የሳሎኑን ግማሽ ያዘው፣ እና ዕድሜ ልካችንን በጎኑ ሹልክ እያልን ስናልፍ ኖርን። እኔ ክር ፋብሪካ ነበር የምሠራው፣ ከሥራ ስገባ ጆሮዬ ይጮሃል፣ እሱ ደግሞ ፒያኖውን ከፍቶ ይጠብቀኛል። አቧራውን ለመወልወል ካልሆነ በቀር ጣቴን አሳርፌበት አላውቅም። እሱም ነይ ተማሪ ብሎኝ አያውቅም።

ታዲያ ያ ሰው፣ ያ ሲስቅ ለጎረቤት የሚሰማ ሰው፣ አምና አንድ ቀን ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ እንደቆመ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ ጎኑን ይዞት ሄደ፣ እጁንም እግሩንም፣ ከሁሉ የባሰው ግን አንደበቱ ተያዘ። ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ቃል ግን የለም። "መምህር፣ ውሃ ላምጣልህ?" እለዋለሁ፣ ያየኛል። "መምህር፣ ምን ላድርግልህ?" ያየኛል። እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው መምህር ነው የምለው። ጠበልም ወሰድነው፣ ሐኪሙም "ቀስ በቀስ ነው" አለን። ቀስ በቀስ የተባለው ነገር ሳይመጣ ክረምቱ አለፈ፣ በጋው ገባ። እሱ እየከሳ፣ ምግብ እየመለሰ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ እያዞረ። ገባችሁ አይደል? ሰውየው በቁሙ እየሄደብኝ ነው።

ልጄ ሰላም ቂሊንጦ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ ሳይነጋ ሰርቪስ ይዛ ትወጣለች፣ መሽቶ ነው የምትገባው። እሷ ናት አንድ ቀን ይሄን ፒያኖ እናውጣው፣ አባዬ ሰፊ አልጋ ያስፈልገዋል፣ ተሽከርካሪ ወንበሩም አልዞር አለ ያለችኝ። እውነቷን ነው። ሳሪስ ያለ አንድ አዳራሽ ይወስደዋል ተባለ፣ እና ተሸካሚዎች መጡ። መምህር ወንበሩ ላይ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ሰዎቹ ጎንበስ ብለው ፒያኖውን ሊያነሱት ሲሉ መምህር ግራ እጁን ሰደደና የፒያኖውን እግር ጨበጠ። አንደኛው ተሸካሚ "አባባ፣ ይልቀቁ እንጂ" ይለዋል፣ አይለቅም። ደም ሥሩ ተገትሯል፣ እንባው ዱብ ዱብ ይላል። ማንኪያ አልይዝም ያለ እጅ እኮ ነው። በሉ ተዉት፣ ሂዱልኝ አልኳቸው። ሰላም በኋላ ስትሰማ ተቆጣች።

ሰዎቹ ሲወጡ ወንበሩን ገፍቼ ፒያኖው ፊት አቆምኩት፣ ክዳኑን ከፈትኩለት። ግራ እጁን አስቀመጠና ጀመረ። ዱም ጫ፣ ዱም ጫ፣ ዱም ጫ። ያንኑ ብቻ። ዜማ የለው፣ ምን የለው። ሲመሽ ዱም ጫ፣ በማግስቱም ዱም ጫ። ጎረቤቴ መሬማ፣ የወሎ ሰው ናት፣ በአጥር በኩል "ዘኒ፣ ምን እየወቀጣችሁ ነው?" አለችኝ። እኔ ግን አእምሮውንም ወሰደው ብዬ ደምድሜያለሁ።

ማንን ልጥራ? ሜሮን ትዝ አለችኝ። እሱ ያስተማራት ልጅ ናት፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፣ አሁን እሷም በተራዋ ፒያኖ ታስተምራለች። መጣች፣ በር ላይ እንደቆመች ሰማችው፣ እና እንባዋ መጣ። "እትዬ ዘነበች፣ ጋሼ አእምሯቸው ደህና ነው" አለችኝ። "ይሄ ራግታይም ነው። የሚጫወቱት ግማሹን ነው፣ የቀኝ እጁ ክፍል ጎድሎ ነው።"

ራግታይም ደግሞ ምንድነው አልኳት። የድሮ የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ ነው አለችኝ፣ መምህር በወጣትነቱ ሆቴል ውስጥ ይጫወተው የነበረ። ግራው እጅ እንደ አሮጌው ባቡራችን ነው፣ ሳያፈጥን ሳያዘገይ ይሄዳል፣ ቀኙ ደግሞ በሚሄድ ባቡር ላይ እየዘለለ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ነው፣ ወይ ትንሽ ይቀድማል ወይ ትንሽ ይዘገያል፣ ደስ የሚለው እሱ ነው አለችኝ። ከዚያ በቀኙ በኩል ተቀመጠችና የጎደለውን ልትሞላለት ጀመረች። እሱ እጁን አነሳ። እሷ ስትተው ይጀምራል፣ ስትገባ ያነሳል። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። ታዲያ በዚያች በደህናዋ እጁ እጄን ፈልጎ ያዘና ሳብ አድርጎ ቁልፎቹ ላይ አኖረው።

ሜሮንን አየኋት፣ እሷም ደንግጣ ታየኛለች። "እኔን ነው?" አልኩት። ዓይኑን አልነቀለም። በስንት ዘመን ትዳር አንድ ቀን እንኳን ንኪ ያላለኝ ሰው፣ በኔ እጅ ካልሆነ አልጫወትም ማለቱ ነው። ሜሮን ቦታዋን ለቀቀችልኝና በቀኙ ተቀመጥኩ።

መማር ስትሉ እንዲሁ እንዳይመስላችሁ። ሜሮን ቅዳሜ እየመጣች ቁልፎቹ ላይ ፕላስተር ለጠፈችልኝ፣ ዜማውንም በስልክ ቀዳችልኝ። ጣቴ እንጨት ነው፣ አንዱን ሳዝ ሌላው አብሮ ይወርዳል። ደግሞ ቀኝ እጁ የሚገባው ግራው በሚመታበት ላይ አይደለም፣ በመሃል ነው። እኔ ቤተ ክርስቲያን እያጨበጨብኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ጭብጨባችን ከበሮው ላይ ነው የሚያርፈው። ሜሮን "ይጠብቁ እትዬ፣ ይጠብቁ፣ አሁን... አይ፣ አለፈ" ትለኛለች። መምህር ስስት ያቆማል፣ ከመጀመሪያው ይነሳል፣ ይጠብቀኛል። እና ቀስ እያለ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ መብላት ጀመረ። ምሳውን ጨርሶ በዓይኑ ወደ ፒያኖው ያመለክተኛል።

በዚህ መሃል ሁዳዴ ገባ። ሰፈሩ ምን እንዳለ ልንገራችሁ? ባሏ ታሞ፣ በጾም፣ ዳንኪራ ታስመታለች ተባልኩ። አብራኝ የምታስቀድስ ሴት ናት ፊት ለፊት የነገረችኝ። ደነገጥኩ፣ አፍሬም ነበር። ግን ቤት ስገባ ሰውየው ወንበሩን ራሱ ገፍቶ ፒያኖው ጋ ደርሶ አገኘሁት። ታዲያ ማንን ልስማ?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሜሮን ከጀርባዬ ተቀምጣ ጣቴን ታያለች። የመጀመሪያውን ክፍል ሳልሳሳት ጨረስኩ፣ ሁለተኛው ጋ ገባሁ፣ እና ደስ አለኝ፣ እጄ ሮጠ። ያኔ ነው ድምፅ የሰማሁት።

"ፈጠንሽ።"

ዞር ሳልል "እሺ ሜሮንዬ፣ ቀስ እላለሁ" ብዬ ቀጠልኩ። ቀጠልኩና አሰብኩት። ሜሮን እኔን አንቺ ብላኝ አታውቅም። ፈጠኑ ነው የምትለኝ፣ አንቱ ነው የምትለኝ። እጄ እዚያው ደረቀ። ወደ ኋላ ዞር ስል ሜሮን አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ወደ እሱ ዞርኩ። ቁልፎቹን እያየ ከንፈሩ ይታገላል፣ ይታገላል፣ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል።

"ፈ... ጠንሽ" አለኝ ደግሞ።

ጮህኩ። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም፣ አገር ነው የሰማው። መሬማ እጇ ሊጥ እንደሆነ በሩን በርግዳ ገባች፣ ሞተ ብላ እኮ ነው፣ "ኢና ሊላሂ" እያለች ነው የገባችው። ስትገባ መምህር ዓይኑን አፍጥጦ ይገስጸኛል። ሴትየዋ መሬት ቁጭ አለች። እኔ ለሰላም ደወልኩ፣ አባትሽ ፈጠንሽ አለኝ እላታለሁ፣ እሷ ደንግጣ "የት ልትሄጂ ነው የፈጠንሽው?" ትለኛለች። ማታ ገብታ እግሩ ሥር ተንበረከከች፣ ብዙ ታገለና ስሟን ጠራላት። ያን ቀን ልጄ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰችው።

እና ልጆቼ፣ አልዋሻችሁም፣ ቀኝ እጁ አልተመለሰም። እግሩም ያው ነው። ቃሉም እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣው። ግን ያንን ራግታይም ከዳር እስከ ዳር እንጫወተዋለን፣ ግራው የእሱ፣ ቀኙ የኔ። ያቺ የሰደበችኝ ሴት ራሷ መጥታ ሰምታው፣ እግሯ ሲነቃነቅ አይቻታለሁ።

— እማማ ዘኒ፣ አሁንስ መምህር ምን ምን ይላሉ?

ምን ይላል ነው የምትለኝ? ዘገየሽ ይላል፣ ፈጠንሽ ይላል፣ ሳትሽ ይላል፣ ወጡ ጨው በዛበት ይላል። ምስጋና የሚባለው ቃል ብቻ ገና አልመጣለትም። እኔ እኮ ለገብርኤል፣ ባሌን አናግርልኝ ብዬ ጥላ ተስዬ ነበር፣ ጥላውንም አስገባሁ። አሁን ደግሞ ሄጄ ዝም አሰኝልኝ ልበለው?

— አይበሉ እማማ፣ መምህር ዝም ካሉማ ሌላ ጥላ ሊያስገቡ ነው።

ኪኪኪ... እሱስ እውነትህን ነው። ይናገር፣ ይናገር።