ሐሙስ ሐሙስ የሚብስ ወገብ

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው ቤቱ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም ነበር። አሁን እናንተ ከምሳ በኋላ ተጋድማችሁ ቴሌቪዥን ስታዩ ማንም መጥቶ «ለምን ተጋደምክ?» አይላችሁም። ያኔ ይላል። በር አንኳኩቶ፣ ኧረ ማንኳኳትም የለ፣ በር ገፍቶ ይገባና «ጓድ! ሰፊው ሕዝብ ተሰብስቦ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ይላል። እኔ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መቀመጥ። አትሳቁ! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ቆሜ ነው ያስተማርኩት፣ እዚሁ ሆሳዕና፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት። ሳምባዬ ጠመኔ ጠጣ፣ ወገቤ እንደ አሮጌ ወንበር ይንቋቋ ጀመር፣ እና ሐኪሞቹ አዩኝና በቦርድ ጡረታ ወጣሁ።

ታዲያ ያን ጊዜ ቀኔ እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። ጠዋት ወንበሬን በረንዳ ላይ አወጣና ወገቤን ለፀሐይ እሰጣለሁ። ትራንዚስተሬን እከፍታለሁ፣ ዜናው «ወደፊት!» ሲል እዘጋለሁ። ከምሳ በኋላ ጳውሎስ ይመጣል። ጳውሎስ የዶዮገና ሰው ነው፣ ካቶሊክ፣ ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ጎረቤቴ። ዳማ እንጫወታለን። ዳማውን ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ ጣውላውን ልጌ፣ ቀለም ቀብቼ። መጫወቻው ቆርኪ ነው፤ የኔ የለስላሳ፣ የሱ የቢራ። ዘነበች፣ ባለቤቴ፣ «የቢራ ቆርኪ እቤቴ አያድርም» ስላለች ጳውሎስ የሱን በኪሱ ይዞ ይመጣል፣ በኪሱ ይዞ ይሄዳል። እያንሿሿ ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል። እንግዲህ በቃ፣ ይሄው ነው ኑሮዬ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

መንግሥት ግን ይፈልገኛል። ሰኞ የውይይት ክበብ፣ ረቡዕ የቀበሌ ስብሰባ፣ ቅዳሜ ዘመቻ፣ እርከን ሥራ። ስብሰባው መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ ነው፣ አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት። ሁለት ሳምንት ሞከርኩ፣ እና ጳውሎስን «ወረቀት ጻፍልኝ» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን ነዋ። ወገቡን ያመዋል በል።»

«እውነቱ ይበቃል?»

«ትንሽ ጨምርበት።»

ጨመረበት። «ረዥም መቀመጥ፣ ረዥም መቆም፣ ከባድ ነገር ማንሳት አይችልም» ብሎ ጻፈ፣ ማኅተሙን አሳረፈበት። ወረቀቱን ይዤ ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ታደሰ ይባላል፣ ጓድ ታደሰ። አራተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ፈተና በመጣ ቁጥር «መምህር፣ ሆዴን» የሚል ልጅ ነበር። ታዲያ ወረቀቱን አነበበና እኔን አየኝ፣ ደግሞ አነበበና ደግሞ አየኝ። ሙያው ነውና ያውቃል። ግን ማኅተም አለው፣ ምን ያድርግ? ፈቀደልኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን እኛ ጴንጤዎች ነንና ቤተ ክርስቲያናችን ታሸገ። አንድ ጠዋት ሄደን በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ አገኘን፣ ከዚያ የስብሰባ አዳራሽ ተደረገ፣ እና ያለፈቃድ ሰው ሰብስቦ መጸለይ ክልክል ሆነ። አቶ ሀቤቦ የሚባል ጎረቤታችን፣ ድምፁ ከዚህ እስከ መናኸሪያ የሚሰማ ዘማሪ፣ እቤቱ አምስት ሰው ይዞ ሲዘምር ተያዘና ሁለት ወር ቀበሌ እስር ቤት ተቀመጠ። ሲወጣ እንኳን መዝሙር ሰላምታውም ሹክሹክታ ሆኗል። «ደህና አደርክ?» ስትለው ግራ ቀኙን አይቶ ነው «ደህና» የሚልህ። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ልጆቼ። ይሄን ያየሁት ነው።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ከጳውሎስ ጋር ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን፣ እኔ ልነግሥ አንድ እርምጃ ሲቀረኝ፣ ዘነበች መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ኤርሲዶ፣ አንተ ታመሃል አይደል?»

«እኔ? ደህና ነኝ።»

«ወረቀት አለህ።»

«ወረቀቱማ ለስብሰባ ነው።»

«የታመመ ሰው መጠየቅ ተከልክሏል?»

«አልተከለከለም።»

«በቃ፣ ግባና ተኛ።»

ያቻትና፣ እዚያ ጥግ ተቀምጣ ትስቃለች። ሳቂ፣ ሳቂ! አልጋዬን ከጓዳ አስወጥታ ሳሎን መሀል አደረገችው። ጳውሎስ ቆርኪውን ሰብስቦ በጓሮ ወጣ። ከዚያ ጠያቂ መምጣት ጀመረ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ስድስት፣ አሥር። ወተት ይዘው፣ ሙዝ ይዘው፣ አንዷ በቅቤ የራሰ አተካና፣ ያን የኛን የቡላ ምግብ፣ ይዛ። ሽታው ቤቱን ሞላው! እጄን ስዘረጋ ዘነበች «ውይ፣ እሱ ቅባት አይስማማውም» ብላ ለጠያቂዎቹ አከፋፈለች። እኔ ሙዝ በላሁ።

እና ጸሎት ተጀመረ። የታመመ ሰው ዙሪያ ሲጸለይ ማን ምን ይላል? አንዲት እማማ እጃቸውን ወገቤ ላይ ጭነው «ጌታ ሆይ! ይህን ባሪያህን ዛሬውኑ አስነሳው!» ብለው ሲማጸኑ ዘነበች በክርኗ ጎሸም አደረገቻቸው፤ «እማማ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ! ዛሬ ከተነሳ በሚቀጥለው ሐሙስ የት እንሰበሰባለን?» እሳቸውም ሳይቸገሩ «ጌታ ሆይ፣ በጊዜህ አስነሳው» ብለው አስተካከሉት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሐሙስ የሕመም ቀን ሆነ። ሌላው ቀን የራሴ ነው፤ በረንዳ፣ ፀሐይ፣ ዳማ። ሐሙስ ከሰዓት ግን ሕመም ነው። ታዲያ በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ አሥራ ስድስት ሰው እቤት ሞልቶ፣ ለአገር እየተጸለየ ሳለ በሩ ተገፋ። ጓድ ታደሰ! ከኋላው ሁለት አብዮት ጠባቂ ከነጠመንጃቸው፣ ከነሱ ኋላ ደግሞ ጳውሎስ፣ የሕክምና ቦርሳውን አንግቦ። ከሥራው ነው የጎተቱት፣ ፊቱ ነጥቷል።

«እንደምን ዋሉ መምህር?»

«እንደምታየኝ ነኝ» አልኩ፣ ድምፄን አድክሜ።

«ማክሰኞ በረንዳ ላይ ዳማ ሲጫወቱ ታይተዋል። ረቡዕም ታይተዋል፣ ያውም ሲስቁ። ሐሙስ ሐሙስ የሚብስ ወገብ ምን ዓይነት ነው? ጓድ ጳውሎስ፣ ሙያዊ ማብራሪያ ስጥ!»

ጳውሎስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄ... ተመላላሽ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ወባስ ሄዶ በሦስተኛው ቀን አይመለስም? ይሄኛው በሰባተኛው ነው። የነርቭ ነው፣ ጓድ።»

«መድኃኒቱስ?»

«ዕረፍት።»

«መርፌ የለውም?»

ልጆቼ፣ ይሄን ዘዴ ማን እንዳስተማረው ታውቃላችሁ? እኔ! አራተኛ ክፍል ሆኖ «ሆዴን» ሲለኝ «ና እንግዲህ፣ መርፌ እናስወጋህ» እለው ነበር፣ ወዲያው ይድናል። አሁን እሱ በተራው እኔን እያየ ይጠብቃል፣ ዘልዬ እስክነሳ። ዘልዬ ከተነሳሁ ደግሞ በሽተኛ የለም፤ በሽተኛ ከሌለ ጠያቂ የለም፤ ጠያቂ ከሌለ ያ ሁሉ ሰው ያለፈቃድ ተሰብስቧል ማለት ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ እንደ ዘነበች አጥባቂ አልነበርኩም። ጸሎቱ ሲረዝም እንቅልፍ የሚወስደኝ ሰው ነኝ። ግን ሀቤቦን አየሁት። ጥግ ላይ ግድግዳው ውስጥ ሊገባ የፈለገ ይመስል ተለጥፎ ቆሟል። ዘነበችን አየሁ፤ በእጇ የአተካናውን ሳህን ይዛለች፣ አፏ ተከፍቶ ቀርቷል። በሕይወቴ ዘነበች የምትለው ስታጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እና ዝም ብዬ ተገላበጥኩና ሱሪዬን ዝቅ አደረግሁ።

«ውጋኝ፣ ጳውሎስ» አልኩት።

ጳውሎስ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ቫይታሚን ነው፤ ግን ያቃጥላል» አለኝ። ያቃጥላል ብቻ? እሳት ነው እንጂ! እስከ ተረከዜ ወረደ። ያኔ የምር ጮህኩ፣ እንኳን ታደሰ አብዮት ጠባቂዎቹም ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ ታደሰ ወንበር ሳበና ተቀመጠ። ሰዉን በዓይኑ ቆጠረ፣ ደብተር አወጣ። «ስማችሁን ንገሩኝ፣ በየተራ።» ሀቤቦ ስሙን ሲናገር አልተሰማም፣ ሁለቴ አስደገመው። ሁላችንም አለቀልን አልን። ጽፎ ጨረሰና ተነሥቶ «ጓዶች!» አለ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እናንተ የዚህ ቀበሌ የውይይት ክበብ አባላት ናችሁ!»

ነገሩ ወዲህ ነው። በሰኞው ክበብ ሰው አይመጣለትም። ሰባት ሰው ቢመጣ አራቱ ይተኛሉ፣ እና ከአውራጃ «ክበብህ ሞቷል» እያሉ ይጨቀጭቁታል። እዚህ ግን አሥራ ስድስት ሰው፣ ያውም ነቅቶ የተቀመጠ! ከዚያ በኋላ ሐሙስ ምን ሆነ መሰላችሁ? መጀመሪያ ታደሰ ይመጣል፣ አንድ ሰዓት ስለ ምርት ዕድገት ከጋዜጣ ያነባል፣ ሰዉ ግራ እጁን ያነሣል፣ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ይላል፤ ግን ቀስ ብሎ፣ በሽተኛ አለ በሚል። ታደሰ ራሱ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ «ይውደም! ግን ቀስ፣ ቀስ!» ይላል። እሱ ሲወጣ በሩ ይዘጋል፣ ጸሎት ይጀመራል። በመሀል ጳውሎስ መርፌውን ይዞ ይመጣል። እኔ ከአንድ ስብሰባ ለማምለጥ ታምሜ፣ ሁለት ስብሰባ አልጋዬ ድረስ መጣ! ለመንግሥትም ለቤተ ክርስቲያንም የሚያገለግል ወገብ የነበረኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሰለቸኝ። መቀመጫዬ ወንፊት ሆነ። ታዲያ መስከረም ላይ፣ ፀሐይዋ ገና ከዝናብ ስትወጣ፣ አንድ ሐሙስ ወንበሬን ይዤ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ። ዘነበች መጣች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ድኛለሁ።»

«ማንን አስፈቅደህ?»

ወዲያው ታደሰ እየሮጠ ደረሰ። በረንዳ ላይ ሲያየኝ ራሱን ያዘ። «መምህር! ምነው? እንዲህ ያለ ነገር ሳያማክሩ?»

«ምኑን?»

«መዳኑን ነዋ! ዛሬ ከአውራጃ እንግዳ ይመጣብኛል! በእግዜር፣» አለ፣ ያውም ሊቀመንበሩ በእግዜር አለ፣ «በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ለዛሬ ብቻ ይታመሙልኝ!»

ከኋላው ሀቤቦ ቆሟል። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ያየኛል ብቻ። እሱን ሳይ ወንበሬን አንሥቼ ገባሁና ተኛሁ።

እንግዳው መጣ። ወፍራም ሰው ነው፣ ላቡን እየጠረገ ሁሉንም ጨበጠ። «እርስዎስ ጓድ፣ የክበቡ ምንድን ነዎት?» አለኝ። «በሽተኛው ነኝ» አልኩት። «ጎበዝ!» አለ፣ «አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ ከትግሉ ያልተለየ!» እና በሁለተኛው ወር የምስጋና ወረቀት ላከልኝ፣ ታደሰን ደግሞ ወደ አውራጃ አሳደገው። በኔ ወገብ ተሾመ ማለት ነው። ከሱ በኋላ የመጣው ሊቀመንበር ጋዜጣ ማንበብ የማይወድ ሰው ስለነበር ሐሙስ ለጸሎቱ ብቻ ቀረ፣ እኔም መርፌው ቀረልኝ። ተኝቶ መስማቱን ግን ዓመታት ቀጠልኩ። ሀቤቦ ቀስ በቀስ ድምፁ ተመለሰ፤ መጀመሪያ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር፣ ከዚያ ያንጎራጉር ጀመር፣ አንድ ቀን ሳያስበው ጮክ ብሎ ዘመረና ሁላችንም ደንግጠን መስኮት ዘጋን። እኔ ብርድ ልብሴን ወደ ላይ ስቤ ፊቴን ሸፈንኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

እና መንግሥት ተለወጠ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ተከፈተ። የመጀመሪያው እሁድ ሕዝቡ ከበር አልፎ ግቢውን ሞላው። መሪው ተነሥተው «ወንድማችን መምህር ኤርሲዶ ስንት ዓመት የአልጋ ቁራኛ ሆነው፣ ዛሬ በእግራቸው መጥተዋል። ወደ ፊት ወጥተው ይመስክሩ!» አሉ። ኧረ ጉድ! እንዴት አድርጌ? እዚያ ፊት ቆሜ ልዋሽ ነው? አልዋሽም አልኩ። ወጣሁና እውነቱን ተናገርኩ።

«እኔ አልታመምኩም!» አልኩ።

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

«የምሬን ነው፣ ምንም አልሆንኩም ነበር!»

«ሃሌ ሉያ!»

«ስሙኝ እንጂ፣ ከመጀመሪያውም አልታመምኩም!»

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ሰው አለቀሰ። ሀቤቦ መዝሙር ጀመረ፣ ማን ያስቁመው! እኔ እዚያ ፊት ቆሜ ቀረሁ። እና ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ «አሜን! አሜን!» የምትል ማን ነበረች? ይቺው ዘነበች! እያወቀች! ሁሉንም የምታውቅ እሷ! እስቲ ጠይቋት፣ ዛሬ ትመልስ፣ ምን ብላ ነው አሜን ያለችው?

«ምን ልበል ታዲያ፣» አለች ዘነበች ከጥጓ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ስለ ወገብህ እውነት ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው!»