ድኩላዋን ገና አትግደላት

— ሄሎ... አቤት ልጄ። ምነው ታንሾካሹካለህ? ... የሚስትህ አባት ሳሎን ናቸው? እሰየው፣ ሰላም በልልኝ።

— እ... እሳቸው የላኩላችሁ የድኩላ ታፋ ምን ሆነ? ... እንዴት ቢላ እምቢ ይለዋል?

— ቆይ አንዴ። ባልዲው ከበሩ ኋላ ነው፣ የኔ ወንድም። አዎ፣ እሱን ውሰደው። ... የቧንቧ ሠራተኛው ነው፤ ማጠቢያው ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ነው የሚታየኝ። ቀጥል።

— ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ? ቅቤ የለ፣ ክዳን የለ፣ ኦቭኑን እስከ መጨረሻው... አሃ። ማን እንዲህ አድርግ አለህ?

— ልክ ነህ፤ አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንደዚያ ነበር የሚጠብሰው።

— ኧረ አልሳቅሁብህም። ደግሞ «አባቴ እንደሚሠራው አድርጌ አበላዎታለሁ» ብለህ ፎክረህባቸዋል? ለአዳኝ ሰው? ... በል እንግዲህ ስማኝ። አባትህ ከኦቭን ያወጣው ሥጋ ሁሉ የጫማ ሶል ነበር።

— ሁሉም። የዱር ሥጋ ስብ የለውም፤ እሳት ሲበዛበት ይኮማተራል። ብነግረው ብነግረው አልሰማ አለኝ።

— አዎ፣ እናንተ የበላችሁትማ ጣት ያስቆረጥም ነበር። እስቲ አስበው... ሥጋው እንደወጣ አባትህ የት ይሄድ ነበር? ... ሳሎን። ምን ሊያደርግ? ... የአደኑን ታሪክ ሊያወራ። እኔስ የት ነበርኩ? ... ወጥ ቤት።

— ታሪኩ ለምን እንደዚያ ይረዝም ነበር መሰለህ? እሱ ወንዙን ሲሻገር እኔ ሥጋውን እቆርጣለሁ። እሱ ዳገቱን ሲወጣ እኔ ሽንኩርቱን አቁላላለሁ። ሲለሰልስልኝ ከወጥ ቤት «እህ፣ እህ» ብዬ እስላለሁ፤ ያኔ ይተኩሳል። እኔ ሳልስል ድኩላዋን አንድ ቀን እንኳ ገድሏት አያውቅም።

— አባትህ ይህን እንዴት አያውቅም? ዘዴው የራሱ ነው።

— ... እሱን ተወው አሁን። ቢላ ያዝ። የሥጋውን ክር አግድም፣ ስስ አድርገህ ቁረጥ። ... ይበልጥ ስስ። ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ ቀይ ወይን ካለ አንድ ብርጭቆ፣ ከሥጋው መጥበሻው ላይ የፈሰሰውንም መረቅ ጨምርበት። ክደነውና እሳቱን ዝቅ አድርግ። ስልኩን ለሚስትህ ስጣት፣ አንተ ሳሎን ግባ።

— የትኛውን ነው የምታወራው? ... የወንዙን። በቃልህ ታውቀዋለህ። ብቻ እስክትስልልህ ድረስ ድኩላዋን እንዳትገድላት።

— ሙሽሪት፣ እንደምን ዋልሽ የኔ ልጅ? ... አትሳቂ፣ አባትሽ ይሰማሉ። ... የት ደረሰ? ... ገና ጫማውን እያሰረ ነው? ቁርጥ አባቱን። እሳቱን አትጨምሪ።

— ... አሁንስ? ... ውሃው ወገቡ ጋ ደረሰ? ትንሽ ቆዪ፤ ከወንዙ ይውጣ። ... አዎ፣ ከወጣ በኋላ ጫማውን ያፈሳል። እሱ ላይ ሁሌ ይስቃሉ። ... ሰማሁት።

— ሹካ ውጊበት እስቲ። ... ሰተት አለ? በይ ሁለቴ ሳዪለት።

— ... ተኮሰ? ... አባትሽ አጨበጨቡ?

— በይ ሳይቀዘቅዝ አቅርቢ። ... አይ፣ እኔ ምሳዬን በልቻለሁ። ሌላ ቀን እመጣለሁ። ... እሺ፣ ለእሁድ። ሌላ ታፋ ከተገኘ ግን እኔ ሳልመጣ ኦቭን እንዳያስገባው። ቻው፣ ቻው።

— ምን አልከኝ፣ የኔ ወንድም? ... አይ፣ ምንም አልሆንኩም። ከቧንቧው የሚወጣው ሽታ ነው ዐይኔን ያቃጠለኝ። አንተ ሥራህን ሥራ።