ሳን ቬሮ ላይ እወርዳለሁ

ከሰዓት በኋላ፣ ሜዲትራንያን ባሕርን በምታቋርጥ የመዝናኛ መርከብ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ የድሮው መርከበኛ ሽፈራውና በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀሰው ሚስቱ ፋንታዬ በክፍላቸው በረንዳ ተቀምጠው በነገው የወደብ ጉብኝት ይከራከራሉ።

ሽፈራው፦ አይሆንም አልኩሽ እኮ ፋንታዬ። ሳን ቬሮ ላይ ለወንበር የሚሆን ጉብኝት የለም። ወረቀቱን አንብቤልሻለሁ።

ፋንታዬ፦ ያነበብክልኝ የፈለግከውን ነው።

ሽፈራው፦ መርከቧ ወደቡ ድረስ አትጠጋም። ባሕሩ ላይ መልህቅ ጥላ ትቆምና ሰው በትንንሽ ጀልባ ይወርዳል። ጀልባው ደግሞ ወንበር አይጭንም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ?

ፋንታዬ፦ ማርሴይ ላይ መንገዱ ኮብልስቶን ነው አልከኝ፣ ቀረሁ። ጄኖዋ ላይ አውቶቡሱ ወንበር የሚያነሳ ማንሻ የለውም አልከኝ፣ ቀረሁ። እዚያ ወንድም የለኝም፤ ብቀርም አይቆጨኝም። ሳን ቬሮ ግን አስናቀ አለ።

ሽፈራው፦ ባርሴሎና ላይ ያየሽው አይበቃሽም? ሁለት የማናውቃቸው ጎረምሶች እንደ ሽንኩርት ጆንያ አንስተው ደረጃውን ሲያወጡሽ ስታለቅሺ አልነበር?

ፋንታዬ፦ ያለቀስኩት ስላነሱኝ አይደለም፤ ሳይጠይቁኝ ስላነሱኝ ነው። እግሮቼ ከከዱኝ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሲያሻው ያነሳኛል፣ ሲያሻው ያስቀምጠኛል።

ሽፈራው፦ እኔም ጭምር?

ፋንታዬ፦ አንተማ ዋናው ነህ።

ሽፈራው፦ ትርሲት ይህን ጉዞ የከፈለችልን እንድታርፊ ነው እንጂ መቃብር ለመቃብር እንድትንከራተቺ አይደለም። ልጅሽን አታሳዝኛት።

ፋንታዬ፦ ትርሲት መርከቧ የምትቆምባቸውን ከተሞች በካርታ ስታሳየኝ፣ ሳን ቬሮ የሚለውን ሳይ ነው እሄዳለሁ ያልኩት። ያን ቀን አንተ ምሳህን አልበላህም።

ሽፈራው፦ ጨጓራዬን አሞኝ ነበር።

ፋንታዬ፦ ጨጓራህ ካርታ ያነባል ማለት ነው።

ሽፈራው፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። በይ የያዝሽውን የጉብኝት ወረቀት አምጪው፣ ቦታው ላይ ልመልሰው።

ፋንታዬ፦ ወረቀቱ እኔ ጋ ይቆይ። ዛሬ ጠዋት አንተ ጺምህን ስትላጭ ወደ ጉብኝት ቢሮ ወርጄ ነበር።

ሽፈራው፦ ከማን ጋር?

ፋንታዬ፦ ከማንም። በሊፍት፣ ጎማዬን ራሴ እየገፋሁ።

ሽፈራው፦ በምን ቋንቋ ልትነጋገሪ?

ፋንታዬ፦ ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆኜ ስሠራ በአማርኛ ብቻ ነበር እንዴ የማገናኘው? ማሪሴል የምትባል የፊሊፒንስ ልጅ ናት። ቁጭ ብላ፣ ዓይን ለዓይን እያየችኝ ነው ያናገረችኝ። ሳን ቬሮ አዲስ መጠጊያ ከሠሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። መርከቧ ነገ ጠዋት ጥግ ይዛ ትታሰራለች። መውረጃውም ለወንበር ይበቃል። ጀልባ የሚባል ነገር የለም።

ሽፈራው፦ እኔ የማውቀው የድሮውን ወደብ ነው።

ፋንታዬ፦ ያነበብክልኝ ወረቀት ግን የዘንድሮ ነው።

ሽፈራው፦ ይሁን፣ ዓይኔ ስቶ ይሆናል። ግን መቃብሩ ኮረብታ ላይ ነው፤ ደረጃው አያልቅም። ማን ሊሸከምሽ ነው?

ፋንታዬ፦ ማንም አይሸከመኝም። ሬንዞ የሚባል ሰው ማንሻ የተገጠመለት ሚኒባስ አለው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደቡ በር ላይ ይጠብቀናል። በጀርባ በኩል መኪና የሚያስገባ መንገድ አለ። ወንበሬ ስንት ሴንቲ እንደሚሰፋ ሳይቀር ጠይቆኛል።

ሽፈራው፦ ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ መቃብሩ ይገኛል ብለሽ ነው? አገሩ ጠባብ ነው። አጥንት እያወጡ ሌላ ሰው ይቀብሩበታል።

ፋንታዬ፦ እሱንም አሰብኩበት። ማሪሴል መቃብር ቤቱ ጋ እንድትደውል ለመንኳት።

ሽፈራው፦ ደወለች?

ፋንታዬ፦ አጠገቤ ሆና። አጥንት ቢያወጡም መዝገብ አይጥሉም። የሞተበትን ዓመት፣ የኛን ስድሳ ስምንት፣ በነሱ አቆጣጠር ለውጬ ነገርኳት። የፊቱንም የኋላውንም ዓመት አዩላት። አስናቀ የሚባል ሰው እዚህ አልተቀበረም አሏት።

ሽፈራው፦ ስሙን አሳስተው ጽፈውት ይሆናላ።

ፋንታዬ፦ ነጭ ስማችንን ሲጽፍ እንደሚያበላሸው አውቃለሁ። ስለዚህ አሁን ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያስቀበርከው አንተ ነህ። ስሙን በምን ፊደል አስጻፍከው? ልጅቷ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ቢሮ ናት፤ እንደገና ትደውልልኛለች።

ሽፈራው፦ ሻይ ላምጣልሽ።

ፋንታዬ፦ ሽፈራው።

ሽፈራው፦ ነፋሱ በርትቷል። ጋቢውን ላልብስሽ፣ ትከሻሽ…

ፋንታዬ፦ ተው አትንካኝ። ወንድሜን በምን ስም ነው የቀበርከው?

ሽፈራው፦ አልቀበርኩትም።

ፋንታዬ፦ ምን አልክ?

ሽፈራው፦ አልቀበርኩትም ፋንታዬ። መቃብር የለም። አብረን የምንሠራበት መርከብ ላይ ትኩሳት ያዘውና በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሳን ቬሮ ልንደርስ አንድ ቀን ቀርቶናል። በሬዲዮ ብንጠይቅ፣ በበሽታ የሞተ ሰው ይዛችሁ ወደባችን አትግቡ አሉን። ካፒቴኑ ለመናቸው፤ እምቢ አሉ። ሐምሌ ነው፣ ሙቀቱን አታውቂውም። በሸራ ጠቀለልነው። የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ፋንታዬ፦ ባሕር ውስጥ ነው ያለው?

ሽፈራው፦ ባሕር ውስጥ። ቄስ የለ፣ ምን የለ። አቡነ ዘበሰማያት ልደግምለት ጀመርኩና መሐሉ ላይ ጠፋኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳሁ።

ፋንታዬ፦ እናቴ መቃብሩ ላይ አለ ያልካትን የወይራ ዛፍ ላልሰማ ሁሉ ስታወራ ኖረች። ልጄ ጥላ ሥር ነው ያለው ስትል።

ሽፈራው፦ ከአሰብ ቀጥታ እናንተ ቤት ነው የመጣሁት። እንዴት ሞተ እንኳ አላለችኝም። "አፈር አግኝቷል?" አለችኝ። አግኝቷል አልኩ። "መስቀል አቁማችሁለታል?" አዎ አልኩ። "ፀሐይ ይመታው ይሆን?" አለችኝ። የወይራ ዛፍ አለ አልኩ። እሷ ስትጠይቅ እኔ ስቆፍር፣ በአንድ ከሰዓት መቃብሩ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ማን ያፍርሰው?

ፋንታዬ፦ ለእሷስ እሺ። ለእኔስ? አርባ አምስት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተናል።

ሽፈራው፦ መጀመሪያ ለእናትሽ ትነግሪያታለሽ ብዬ ፈራሁ። እሷ ካረፈች በኋላ ደግሞ፣ ያገባኸኝ ኅሊናህ ወቅሶህ ነው ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።

ፋንታዬ፦ ነው እንዴ?

ሽፈራው፦ መርዶ ይዤ ስመጣ በሩን የከፈትሽልኝ አንቺ ነሽ። ለአርባው መጣሁ። ለሰማንያው መጣሁ። ለሙት ዓመቱ መጣሁ። ከዚያ የምመጣበት ሰበብ ሳጣ ሽማግሌ ላክሁ።

ፋንታዬ፦ አታስቀኝ። ዛሬ አታስቀኝ።

ሽፈራው፦ ለማሳቅ አይደለም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው እያደር ከበደኝ። ካርታው ላይ ጣትሽን ካሳረፍሽበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። መርከቧ ብትበላሽ፣ ማዕበል ቢነሳ፣ ብታመም እያልኩ ነው የከረምኩት። ምንም ሳይሆን ቀረ።

ፋንታዬ፦ ሲቸግርህ ወንበሬን ሰበብ አደረግከው።

ሽፈራው፦ ሌላ ምን ነበረኝ?

ፋንታዬ፦ ጀልባው አይጭንሽም ካልከኝ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። አራት ቀን ሙሉ እነዚህን እግሮች ስረግማቸው አጠገቤ ነበርክ። ወንድሜ ደጃፍ ደርሼ በነሱ ምክንያት ልመለስ ነው እያልኩ ሳለቅስ ሰምተሃል።

ሽፈራው፦ ሰምቻለሁ።

ፋንታዬ፦ የእናቴን ይቅር እልሃለሁ። እሷን አሳርፈሃታል። ይሄኛውን ግን እንዴት እንደምረሳልህ አላውቅም።

ሽፈራው፦ እውነትሽን ነው።

ፋንታዬ፦ ቦታውን ታውቀዋለህ?

ሽፈራው፦ ባሕር ምን ምልክት አለው ብለሽ? ግን መንገዱ ያው ነው፤ መርከብ ሁሉ በዚህ ነው የሚያልፈው። ያኔ በግራ በኩል አንድ ደሴት ይታይ ነበር፤ ዛፍ የሌለው፣ ራሰ በራ። ሸራውን ስንለቀው ዓይኔን እዚያ ላይ ነበር የተከልኩት።

ፋንታዬ፦ እና?

ሽፈራው፦ ከምሳ ጀምሮ እየታየኝ ነው።

ፋንታዬ፦ ለዚህ ነው ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥተህ ያስቀመጥከኝ?

ሽፈራው፦ አዎ።

ፋንታዬ፦ ስንት ሰዓት ይታያል?

ሽፈራው፦ ከእንግዲህ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ይቀራል። ለማሪሴል ሄጄ ልንገራት? ሬንዞ ነገ በከንቱ እንዳይጠብቅ።

ፋንታዬ፦ የሬንዞ ነገር ይቆይ። ሬሳ ሳላይ፣ አፈር ሳልበትን እርሜን ሳላወጣ አርጅቻለሁ። ወንበሬን ወደ ውሃው አዙረው።

ሽፈራው፦ እሺ። ይኸው። ፍሬኑን ይዤዋለሁ። እኔ ልግባ?

ፋንታዬ፦ አጠገቤ ተቀመጥ። እጄን ግን እንዳትይዘኝ።