ድልድዩን ያስፈረሰችው አዛዥ

አኒሜሽን ላይ እኔን የሚረታኝ የለም። ዱባይ ተራ ቴሌቪዥን ስለምሸጥ፣ ትልቁ ስክሪን ላይ ለማሳያ አንድ የጦርነት ተከታታይ አኒሜሽን እከፍታለሁ። እስካሁን የወጣውን ሦስት ጊዜ ስላየሁት፣ ቆሞ ለሚያይ ሁሉ ተንታኙ እኔ ነኝ። ባለፈው ሴቷ አዛዥ ጠላት እንዳይሻገር ብላ ድልድዩን ስታስፈርስ፣ የገዛ እህቷ ወዲያ ማዶ ቀረች። እኔም ለደንበኞቼ፣ "ይቺማ ጨካኝ ናት፤ አለቀ!" ብዬ ፈረድኩ።

ከጎኔ ጨርቅ የሚሸጡት እትዬ ዘነበች፣ "ተሳስተሻል" አሉኝ። ታሪኩን እንኳ የሚከታተሉት እኔ እየተረጎምኩላቸው ነው! "እንዴት ሆኖ እትዬ?" ብዬ ተነሳሁባቸው።

"ያኔ ተራችን ሲቃጠል፣ እሳቱ እንዳይዛመት መሃል ያለውን ሱቅ አፍርሱት ያልኩት እኔ ነኝ። የእህቴ ሱቅ ነበር። ዕቃዋን እንኳ አላወጣንላትም። ተራው ግን ተረፈ።" ስክሪኑን በአገጫቸው አሳዩኝ። "አየሻት? ድልድዩ ወድቆ እስኪያልቅ ዓይኗን አልነቀለችም። እኔም ቆሜ አይቻለሁ። የጨከነማ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል።"

እዚያው ደንበኞቼ ፊት ፍርዴን ሻርኩ፤ ለእኔ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እትዬ ወደ ሱቃቸው ሊመለሱ ሲሉ ዞር አሉና፣ "ኋላስ እህትየዋ አናገረቻት?" አሉኝ።

"ቀጣዩ ክፍል ገና አልወጣም፣ እትዬ።"

"ሲወጣ ጥሪኝ።"