እትዬ መልሱት ሳጥኑን የዘረገፈች ቀን

እስቲ ጸጥ በሉልኝ! እናንተ ከኋላ ያላችሁት፣ እሷ ዞር ብላ ሳታያችሁ ብትቀመጡ ይሻላችኋል።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ይቺ ዛሬ የምናመሰግናት መምህርት ወደዚህ መዋዕለ ሕፃናት ስትመጣ እኔ በሩ አጠገብ ደብዳቤ እተይብ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ክፍሏን አሳያትና የሻይ ብርጭቆውን የሕፃናቱ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሊወጣ ሲል፣ "ጌታዬ፣ ቦታው እዚህ ነው?" አለችው። ሰውዬው ብርጭቆውን ይዞ ወጣ! እኔም ለጥበቃው፣ "ይቺማ ሳምንት አትቆይም" አልኩት። ይኸው ጥበቃው ጡረታ ወጣ፣ ሦስት ርዕሰ መምህራን ተቀያየሩ፣ እሷ አለች። ስሟንም ያን ቀን አወጣንላት፦ እትዬ መልሱት።

የስፖርት መምህሩ፣ ትስቃለህ አይደል? ኳሱን አጥር ሥር ጥለህ ስትሄድ ከአውቶቡስ ፌርማታ ማን እንደመለሰህ ልናገር? ተወው፣ ምሬሃለሁ።

ቃሏ ደግሞ! ልጆቹን "አርብ ኳስ እንጫወታለን" ብላ ሐሙስ እግሯን ወለም አላት። "ምናለ ብታርፊ?" ስላት፣ "ነገ 'አትማቱ' ስላቸው ማን ይሰማኛል?" ብላ ወንበር ላይ ተቀምጣ በረኛ ሆነች። አሥራ አንድ ገባባት።

አሁን የራሴን ጉድ ላውራ። ልጄ በአራት ዓመቷ እሷ ክፍል ነበረች። የማሳድጋት ብቻዬን ነው፤ ሲደክመኝ እቆነጥጣታለሁ፣ ሲጸጽተኝ ከረሜላ እገዛላታለሁ። ልጅቷ የትኛው እንደሚመጣ አታውቅም። ጸጉሯን ላበጥር እጄን ሳነሳ እንኳ ትሸማቀቅ ጀመር። ልጄ እየፈራችኝ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ መላው ነው የጠፋኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ልጄ የእንጨት መጫወቻ ኩቦቹን በትና "አላነሳም!" ብላለች። እኔም እንሂድ ብዬ ለቃቅሜ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩላት። እትዬ መልሱት መጣች፣ ሳጥኑን አነሳች፣ ዘረገፈችው! ጦፍኩ።

"እናቷ እኮ ነኝ!"

"እናቷማ ነሽ። ነይ፣ አረፍ በይ።"

ከዚያ ወለሉ ላይ ከልጄ አጠገብ ቁጭ አለች። አልጮኸች፣ አልለመነች። ልጄ ታለቅሳለች፣ ትንፈራገጣለች፤ እሷ መሐረብ ታቀብላታለች። "አይዞሽ፣ እስክታነሺ የትም አልሄድም" ነው የምትላት። አንድ ሰዓት ሙሉ! በመጨረሻ ልጄ አንድ ኩብ አነሳች፣ ከዚያ ሌላ። ስትጨርስ እቅፏ ውስጥ ገባች። እሷም አቅፋ አመጣችና እኔ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ላይ እጄን አላነሳሁም፤ የጸጸት ከረሜላውም ቀረ። ወለል ላይ ስንቴ እንደተቀመጥኩ ጉልበቴ ይመስክር!

ያቺ ልጅ ዛሬ እናት ናት። ትናንት ለዚህ ዝግጅት ልጠራት ብደውል ከኋላዋ የሕፃን ለቅሶ ይሰማኛል። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ "እማዬ፣ ቆይቼ ልደውል፤ መጫወቻዋን አላነሳም ብላኝ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኋት ነው" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

እህቴ፣ የልጅ ልጄን አይተሻት አታውቂም። ግን እሷንም ያሳደግሻት አንቺ ነሽ። አመሰግንሻለሁ።

በሉ ብርጭቆ አንሱ! ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፣ ደጅሽ የልጅ ድምፅ አይጣ! ጠጥታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ብርጭቆውን የት እንደምትመልሱ ታውቃላችሁ። ዛሬ እሷ ቁጭ ትበል፤ የምናነሳው እኛ ነን።