ጠላ ቤቴ የሰነበተው ደብተር

ደብረ ታቦር ጠላ ሻጭ ነኝ። የሰፈራችንን የታሪክ አስተማሪ ዛሬም ሳየው ደሜ ይፈላል። የእድር ዳኛ ልንመርጥ ሳምንት ሲቀረን ደብተር ይዞ መጣና፣ «እትዬ ዘርፌ፣ አሜሪካኖች ድሮ ፕሬዚዳንት ከመምረጣቸው በፊት መጠጥ ቤት ውስጥ ደብተር ያስቀምጡ ነበር። የገባው ሁሉ የሚፈልገውን ሰው ይጽፋል፤ የሕዝቡ ሐሳብ ቀድሞ ይታወቃል። እኛም እንሞክረው» አለኝ። ደስ አለኝ። ደብተሩን ጠላ እንዳይነካብኝ ስጠብቅ፣ እስክሪብቶ ሳቀብል፣ መጻፍ ለማይችለው ስጽፍለት ሰነበትሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አስተማሪው ቆጠረና፣ «የሰፈሩ ሐሳብ ይኸው! ያሉት ዳኛ ይቀጥሉ ብሏል» ብሎ አወጀ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። እኒያ ዳኛ ለቅሶ በደረሰ ቁጥር እኛን ሴቶቹን ውኃ የሚያስቀዱ፣ እንጨት የሚያሸክሙ፣ ስብሰባ ላይ ግን «አባወራ ይናገር» የሚሉ ናቸው።

«ሴቶቹን ማን ጠየቃቸው?» አልሁት።

«ሴቶችማ ጠላ ቤት አይቀመጡም፤ ታዲያ የት አግኝቼ ልጠይቃቸው?»

«እኔስ? ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ቆሜ ስቀዳልህ አላየኸኝም?»

ደብተሩን አጠፈና፣ «አሜሪካም ያን ጊዜ ሴቶች አይመርጡም ነበር» አለኝ፤ ይባስ ብሎ!

ደብተሩን ከእጁ መነጨቅሁት። «እንግዲያው ጠላውንም እዚያው አሜሪካ ሄደህ ጠጣ!»

ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ። የጠላውን ጋን ከድኜ በላዩ ላይ ስቀመጥበት ግን የሚስቅ ጠፋ።