ዝምታዋ እልህ አልነበረም

ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህር የሆስፒታሉን ደረጃ በንዴት ስለወጡት የበሩን ቁጥር ማየት ረሱ። የመጡት የልጅ ልጃቸውን ከሕክምና አስወጥተው ሊወስዱ ነበር። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ከእናቷ ጋር ስትሆን አፏ አይከደንም፤ ትምህርት ቤት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ስትናገር ሰምቷት የሚያውቅ የለም። እንግዳ ፊትም እንደዚያው ድርቅ ትላለች። እናትየው ለአባቷ ለርዕሰ መምህሩ ሳትነግር ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ስታመላልሳት አራት ሳምንት ሞልቶታል፤ እሳቸው ይህን የሰሙት የዚያኑ ቀን ጠዋት ነው።

በሩን ገፋ አድርገው ሲገቡ ክፍሉ የሕክምና ሳይሆን የመማሪያ ሆኖ አገኙት። አርባ የሚሆኑ ወጣቶች ደብተር ዘርግተው ተቀምጠዋል። ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ፀጉሯ ገና ሽበት የጀመረው ሴት ታስተምራለች። ይቅርታ ብለው ሊወጡ ሲሉ ጆሯቸው አንድ ነገር ያዘ።

«ልጅቷ ቤት ውስጥ ተጫዋች ናት» ትላለች መምህርቷ። «ሰው ፊት ግን ድምጿ ይጠፋል። እሁድ እሁድ እንግዳ ሲመጣ አያትየው ወንበራቸው አጠገብ ያቆሟታል። እንደምን ዋላችሁ ካላልሽ ምሳ አትቀምሺም ይሏታል።»

ርዕሰ መምህሩ የበሩን እጀታ ጨብጠው ቀሩ። ወንበሩ የእሳቸው ወንበር ነው፤ እሁዱም የእሳቸው እሁድ ነው! የቤታቸው ገመና አርባ ሰው ፊት ተዘርግቷል።

«በቃ!» አሉ።

አርባው ራስ በአንዴ ዞረ። በሥራ ዘመናቸው ተማሪዎች በስውር «ጋሽ አርጩሜ» ይሏቸው ነበር፤ አርጩሜው ከእጃቸው ከወጣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነውም በድምፃቸው ውስጥ አሁንም አለ። ልጅቷን የምታክመው ባለሙያ ራሷ መምህርቷ ነበረች፤ አልደነገጠችም። ተማሪዎቹን ለአጭር እረፍት አሰናብታ አዛውንቱን አጠገቡ ወዳለችው ቢሮዋ ጋበዘቻቸው። ቢሮዋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበር፣ ቀለም እርሳስ የተበተነበት አጭር ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ፋይል።

«ይቀመጡ ጋሼ።»

«አልቀመጥም። ዶክተር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ልጇን አምጥታ አደራ ያለችዎትን እናት ምስጢር እንደ ጋዜጣ ያነባሉ?»

«ያነበብኩት የእርስዎን ቤት አይደለም።»

«የቤቴን ወንበር መቼም አልስተውም!»

ዶክተሯ ከመደርደሪያው አንድ ወረቀት ስባ ሰጠቻቸው። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። የሰሙት ታሪክ ቃል በቃል ተጽፏል፤ አናቱ ላይ ያለው ቀን ግን ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ያኔ የልጅ ልጃቸው ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች።

«ከብዙ ልጆች ታሪክ ያጠናቀርኩት ነው» አለች። «የማንም አይደለም፤ የብዙዎች ግን ነው። ሦስት አባቶች ልክ እንደ እርስዎ ይህን ወረቀት ይዘው፣ ማን ነገረሽ ብለው ተቆጥተውኛል።»

አዛውንቱ ወረቀቱን ደግመው አዩት። ሰው የራሱ ጉድ በሌላ ሰው ቤትም እንዳለ ሲሰማ መጀመሪያ ይጽናናል፤ ቀጥሎ ይፈራል። እሳቸው ግን በቀላሉ የሚሸነፉ ሰው አልነበሩም።

«እሺ፣ ይሁን። ግን የልጅ ልጄን ነገር በጥናት ደብተርዎ አላስገቡም?»

«አላስገባሁም። እናቷን ጠየቅኋት፤ ለሕክምናው እሺ፣ ለጥናቱ አይሆንም አለችኝ። ልጅቷን የማያት ግን ከሌሎቹ እኩል ነው።»

«መልካም። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ጠዋት ያክማሉ፣ ቀን ያስተምራሉ፣ ሲመሽ ያጠናሉ አሉ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ እርስዎ ጭራሽ ሦስት ሊወጡ! ሐኪም ከሆኑ አርፈው አያክሙም?»

ዶክተሯ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ቀለም እርሳስ ሰበሰበች።

«አርፌ ሳክም ልጆች ጎድቻለሁ፣ ጋሼ።»

አዛውንቱ ሳያስቡት ተቀመጡ።

«ሥራ ስጀምር ማከም ብቻ ነበር ሥራዬ። ዝም ያሉ ልጆች ሲመጡ ከረሜላ አሳይቼ አንዲት ቃል በይልኝ እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ይሉልኛል። እኔ አጨበጭባለሁ፣ እናት ታለቅሳለች፣ ፋይሉን ዘግቼ ተሻላት ብዬ እጽፋለሁ። በኋላ ማስተማር ስጀምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ ዶክተር፣ እነዚህ ልጆች ከዚህ ከወጡ በኋላ ክፍላቸው ውስጥ ይናገራሉ ወይ አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ተቆጣኋት። መልሱን ስላላወቅሁ ነበር የተቆጣሁት። በኋላ ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ። ወላጅና አስተማሪ አስፈቅደን ሠላሳ አንድ ልጆችን ሁለት ዓመት ተከታተልን። ያጨበጨብኩላቸው አብዛኞቹ ክፍል ውስጥ አንድም ቃል አልተነፈሱም። አንዳንዶቹ ጭራሽ ቤት ውስጥም ዝም ማለት ጀምረው ነበር። ተሻላት ብዬ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው።»

«ለእኔ ለማያውቁኝ ሰው ይህን ይነግሩኛል?»

«ለተማሪዎቼም በየዓመቱ እነግራለሁ። ያቺ ተማሪ ባትጠይቀኝ፣ እኔም ባላጠና፣ ዛሬም እያጨበጨብኩ ነበር። ወረፋ የሚጠብቁ ሦስት መቶ ልጆች አሉ፤ በሳምንት አሥራ አራት ባይ ነው። ያስተማርኳቸው ካላገዙኝ የቀሩትን ማን ያያቸዋል? እርስዎ ሦስት ዛፍ ይሉታል፤ ለእኔ አንድ ዛፍ ነው፤ አንዱን ሥር ብቆርጥ የሚደርቀው ሁሉም ነው።»

ርዕሰ መምህሩ አገጫቸውን አሻሹ። ንግግሩ መልካም ነበር። ግን መልካም ንግግር ብዙ ሰምተዋል፤ አፈ ቅቤም አይተዋል።

«የኔዋ ግን እልኸኛ ናት» አሉ ብድግ ብለው ወደ ኮሪደሩ እየወጡ። «አውቃታለሁ። ሲያዟት የማትታጠፍ ናት።»

በዚያው ቅጽበት ከኮሪደሩ ማዶ የታካሚ ልጆች መጫወቻ ክፍል በር ተከፈተና እናትና ልጅ ወጡ። እናትየው አባቷን ስታይ ክው አለች። «አባዬ...» ብላ ቀረች። እረፍት የወጡት ተማሪዎች ግድግዳውን ተደግፈው ያያሉ።

ርዕሰ መምህሩን የቆየ ልማዳቸው ቀደማቸው። «ነይ ወዲህ! ለዶክተሯ ሰላም በይ!»

ልጅቷ ባለችበት ቆመች። አይኗ አንድ ቦታ ተተከለ፤ ከንፈሯ ተጣበቀ።

«ይኸው!» አሉ አዛውንቱ። «እልህ ካልሆነ ይህ ምንድን ነው?»

ዶክተሯ ተማሪዎቹን በእጇ ምልክት ሰጥታ ወደ ክፍላቸው መለሰቻቸው። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ምንም አይበሏት፤ እጇን ብቻ ያዙላት» አለች።

ያዙ። ቀትር ነበር፤ ኮሪደሩ በሙቀት ይታፈናል። የልጅቷ እጅ ግን ከጉድጓድ የወጣ ድንጋይ ይመስል በርዶ፣ በላብ ርሷል። አውራ ጣታቸው ከእጇ አንጓ ላይ ሲያርፍ የልቧን ምት አገኙት፤ ሊቆጥሩት ሞከሩ፣ ግን ቀደማቸው።

«እልኸኛ ልጅ እጁ እንዲህ ይሆናል?» አለች ዶክተሯ።

አዛውንቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያዟት ፊቷን ያዩ ነበር እንጂ እጇን ነክተው አያውቁም። ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ የት እንደሚያኖሩት ጠፍቷቸው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ከልጅቷ እኩል ዝቅ አሉ። «አትናገሪ የኔ እናት። ዛሬ ማንም አያስገድድሽም» አሏት። ልጅቷ ቀስ በቀስ ተነፈሰች፤ ቆይታም ግንባሯን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች።

«ልጄ» አሏት ዶክተሯን ከዚያው ሳይነሡ፤ አንቱታው ቀረ፤ «ምን ላድርግ? ንገሪኝ።»

ያደረጉት ይህ ነው። የእሁዱ ትእዛዝ ቀረ። ትምህርት ሲለቀቅ እናትና ልጅ የልጅቷ ባዶ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ገብተው ካርታ ይጫወታሉ። በሁለተኛው ሳምንት የልጅቷ አስተማሪ ደጃፉ ላይ ቆማ ደብተር ማረም ጀመረች፤ ቀጥሎ ጥግ ላይ፤ ቀጥሎ ሁለት ወንበር አልፋ። ሥራውን በየሳምንቱ እየመጣች የምትከታተለው ከዶክተሯ አርባ ተማሪዎች አንዷ ነበረች። አንድ ወር ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ልጅቷ ለእናቷም ዝም ብላ ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ ያኔ ወደ አሮጌው መንገድ ለመመለስ እጃቸው በላቸው፤ ታገሡ። በአምስተኛው ወር ልጅቷ ወደ አስተማሪዋ ዞር ብላ፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ፣ «መቅረጫዬ ጠፋ» አለች።

ማንም አላጨበጨበም። አስተማሪዋ መቅረጫዋን ሰጠቻትና ማረሟን ቀጠለች። እናትየው ግን ይህን ለአባቷ በስልክ ስትነግራቸው፣ አዛውንቱ ብዙ ደቂቃ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ተሰማት።

ልጅቷ ዛሬም ትምህርት ቤት ውስጥ የምትናገረው ለአራት ሰው ነው፤ ከአርባ ሁለት የክፍል ጓደኞቿ ለሦስቱና ለአስተማሪዋ። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ምሳዋን በሰላም ትበላለች፤ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሆዷን አይቆርጣትም፤ ሽንት ቤት መሄድ ስትፈልግ ሰው ትጠይቃለች። እናቷም ከአባቷ ተደብቃ የምትሄድበት ቦታ የለም። የትምህርት ቤቱም አስተማሪዎች የዝምተኛን ልጅ እጅ መንካት ተምረዋል፤ በዚያው ዓመት ሌሎች ሁለት ልጆች ከቅጣት ተርፈው ወደ ዶክተሯ ተልከዋል።

በዓመቱ ዶክተሯ ርዕሰ መምህሩን ወደዚያው የመማሪያ ክፍል ጋበዘቻቸው፤ በዚህኛው ጊዜ በሩን ተሳስተው አልገቡም። አዲስ አርባ ወጣቶች ተቀምጠዋል።

«ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ» ብለው ጀመሩ። «አንድ ልጅ ነበረ። ስሙ ሲጠራ አቤት አይልም። ንቀት መሰለኝ። ሰልፍ ፊት አቆምኩት፣ አቤት እስክትል ትቆማለህ አልኩት። እስከ ስድስት ሰዓት ቆመ። በማግስቱ አልመጣም፤ ከዚያም አልመጣም። እኔ ሥርዓት አስከበርኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ምሳዬን በላሁ።»

ከኋላ አንድ ወጣት እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ያ ልጅ በኋላ ምን ሆነ?»

ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አላውቅም» አሉ። «ፈልጌው አላውቅም። እናንተ ግን የልጁን ስም ጻፉ፣ ቤቱን እወቁ፣ ሲቀር ሂዱና ጠይቁ። እኔ ይህን አንዱንም አላደረግሁም።»

ወጣቱ እጁን አወረደና ደብተሩ ላይ መጻፍ ጀመረ።